የአባቴ ድንጋይ የወደቀበት ዘመን

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ የሄደ ሰው በዚያ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ብርቅ አለመሆኑን ያውቃል። የቦሰት ተራራ በጥንት ዘመን የተፋው ሁሉ እስከ አስፋልቱ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ አጥር ይሠራበታል፣ ከተሜው ለቤት መሠረት ያስጭነዋል፣ ሹፌሩ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር ይወትፈዋል። ከዚህ ሁሉ መሃል አንዱን አንስቶ «ይሄኛው ከሰማይ የወረደ ነው» የሚል ሰው ቢሳቅበት አይገርምም። አባቴ ግን ይህንኑ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉም አልተወውም።

ድንጋዩ የሁለት ጡጫ ያህል ነው። ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ያነሳው ሰው ሁሉ ክንዱ ወደ ታች ሲሳብበት ይደነግጣል። ቆዳው ጥቁር ነው። በአንድ ወገኑ፣ ሊጥ ላይ አውራ ጣት ተጭኖ የተነሳ ይመስል፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። አባቴ በላስቲክ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር፣ ከልብስ ሳጥኑ ጀርባ ያስቀምጠው ነበር። ልጆች ሆነን እንድንነካው አይፈቅድም። እንግዳ ሲመጣ ግን፣ በተለይ ታሪኩን ሰምቶ የማያውቅ እንግዳ ከሆነ፣ እሱ ራሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል።

ታሪኩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነበር የሚናገረው። በወጣትነቱ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ሳለ፣ ወለንጪቲ ዘመድ ጠይቆ በእግሩ ሲመለስ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። በቦሰት በኩል ነጭ እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ፤ ለሁለት ተከፈለና ጠፋ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ አባታችን ሆይን ጸልዮ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ቆይቶ፣ ባዶ ጋሪ በእንጨት ድልድይ ላይ የሚያልፍ የመሰለ ድምፅ መጣ። ፀሐይ ስትወጣ ወደዚያው አቀና። ታርሶ የለሰለሰ ማሳ አገኘ፤ ድንጋዩ ከትልሙ መሃል ተቀምጧል። ማሳው ድንጋይ የተለቀመለት ነበር። በሬዎቹን እየነዳ የመጣው ገበሬ «ትናንት እዚህ አልነበረም፤ ቢኖር ማረሻዬ ያገኘው ነበር» አለው።

አባቴ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። መልአክ አይጨምርበትም፣ ምልክት ነው አይልም፣ ሕልም አያስገባበትም። አየሁ፣ ሄድኩ፣ አነሳሁ፣ አለቀ። ኋላ ተምሬ ሳስበው ልቤን የነካኝ የድምፁ ነገር ነው። ታሪክ የሚፈጥር ሰው ቢሆን እሳቱንና ድምፁን አንድ ላይ ባመጣቸው ነበር። እሱ ግን ለያይቶ ነበር የሚናገረው፤ ለምን እንደተለያዩ ሳያውቅ።

የሳቁበት ቀን እኔም ነበርኩ። የሰፈራችን እድር አዲስ ዳኛ ሊመርጥ ድንኳን ጥሎ ተሰብስቦ ነበር፤ እኔ ሻይ ከሚያቀርቡት ልጆች አንዷ ነኝ። አንድ ሽማግሌ የአባቴን ስም አነሱ፤ ዝምተኛ ነው፣ ቃሉ የታመነ ነው አሉ። ባለ ወፍጮው እጁን አወጣ። ወፍራም ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ክፋት ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እኔ እፈራለሁ ጎበዝ» አለ። «ሰውዬው ኮከብ ሲወድቅ አይቶ ሮጦ የያዘ ሰው ነው። ነገ ሁለት ሰው ተጣልቶ ቢሄድበት ጨረቃን ለምስክርነት ይጠራብናል!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ኧረ ተዉ፣ ጾም ነው» ያሉ ነበሩ፤ እነሱም እየሳቁ ነው። አባቴ ተነሳና «ስሜን ሰርዙልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ያንን ሲል ፊቱን አላየሁም፤ ጀርባው በኩል ነበርኩ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ብቻ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ «ባለ ኮከቡ» ተባለ። በእድር ስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ ሲናገር የሰማ ሰው የለም። መዋጮውን ይሰጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ አስከሬን ይሸከማል፣ ሐሳብ ስጥ ሲሉት «የተባለው ይሁን» ይላል።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነበር ያቋረጥኩት። ታናናሾቼን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ነው፤ ማንንም አላማርርም። ወደ ማታ ትምህርት የተመለስኩት ከኔ ጋር የጀመሩት ሴቶች ልጆቻቸውን በሚያስተምሩበት ዕድሜ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በክረምት መርሐ ግብር ኬሚስትሪ ተማርኩ፤ ዛሬ በአንድ የአዳማ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ሚዛን ላይ አልቀልድም። ተማሪዎቹ በሌለሁበት «እትዬ ግራም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልከፋኝም።

በእረፍት ሰዓቴ ያገኘሁትን አነባለሁ። አንድ ቀን የቀየረኝን ነገር አነበብኩ። ካርቦን አሥራ አራት የሞተ ነገርን ዕድሜ እንደሚናገር አውቅ ነበር፤ የአጥንት፣ የከሰል፣ የብራና። ከሰማይ በመጣ ድንጋይም ውስጥ እንደሚገኝ ግን አላውቅም ነበር። ድንጋዩ በጠፈር ሲዞር ከየአቅጣጫው ጨረር ይመታዋል፤ ጨረሩ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሲሰብረው ካርቦን አሥራ አራት ይፈጠራል። እየተፈጠረ እየጠፋ፣ ልኩን ሞልቶ ይኖራል። ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን አየራችን ከጨረሩ ይጋርደዋል። አዲስ መፈጠሩ ይቆማል፤ የነበረው ብቻ ቀስ እያለ ይመናመናል፣ በአምስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ እኩሌታው ይቀራል። ስለዚህ የተረፈውን የለካ ሰው ድንጋዩ ከወደቀ ምን ያህል እንደቆየ ያውቃል። ለዛፍ የሚቆጠርለት ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ለድንጋይ ከወደቀበት።

ያን ምሳ ሰዓት ባጃጅ ተሳፍሬ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነፋሱ ያመጣውን አቧራ ከጫማው ላይ ይጠርጋል።

«አባዬ፣ ድንጋዩ መቼ እንደወደቀ የሚለኩ ሰዎች አሉ።»

«ምኑን ነው የሚለኩት?»

«ውስጡ የቀረውን ነገር።»

«እኔ እኮ ቀርቻለሁ። እኔን ለምን አይጠይቁም?»

ሳቅን። ከዚያ እንደልማዴ ነገሩን በልኩ ላስቀምጥለት ሞከርኩ። ዓመቱን አይነግሩህም አልኩት። ይሄ ለሺህ ዓመታት የተሠራ መለኪያ ነው፤ የስልሳ ዓመቱንና የሁለት መቶ ዓመቱን አይለይም። ካርቦኑ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ «በቅርብ ጊዜ የወደቀ ነው» ይላሉ፣ ከዚያ አያልፉም።

«ቅርብ ነው ብለው ይጽፋሉ?»

«ከሆነ ይጽፋሉ።»

«ይበቃኛል» አለ። «እሱን ወረቀት አንቺ እድሩ ፊት ታነቢልኛለሽ። እኔ አልናገርም። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እቀመጣለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንጠብቀው ይህንን ነበር። ሌላ ነገር አልፈለገም። ዳኛ መሆንም የፈለገ አይመስለኝም፤ ጊዜው አልፏል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ሐሰተኛ አለመሆኑ እንዲነበብለት ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ ስምጥ ሸለቆ ድንጋዮች የሚያጠና አንድ የጂኦሎጂ መምህር ለሳይንስ አስተማሪዎች ገለጻ ሊሰጥ ትምህርት ቤታችን መጣ። ሲጨርስ ጠብቄ ነገርኩት። በትሕትና ፈገግ አለ፤ በየሄደበት ሰው ጥቁር ድንጋይ እያመጣ እንደሚያሳየው ተናገረ። ወላጆቼ ቤት ወስጄው ድንጋዩን እጁ ላይ ሳኖርለት ፈገግታው ጠፋ። ማግኔት አስጠጋበት፤ ያዘው። ጎድጎዶቹን በጣቱ ዳሰሳቸው።

«አባቴ፣ ይሄንን ከየት አገኙት?» አለው፤ አባቴም ታሪኩን በዚያው ቃል ነገረው። መምህሩ አላቋረጠውም። እናቴ ያን ዕለት ለቅሶ ቤት ነበረች፤ ይህንን የምጽፈው ምክንያት ስላለኝ ነው። መምህሩ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ፤ ቅቤ ተቀብቷል ወይ፣ ጸበል ተረጭቶበታል ወይ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሯል ወይ። ይህ ሁሉ ቢሆንም ችግር የለውም አለ፤ የዚህን ምድር ካርቦን በአሲድ አጥበው፣ በመጠኑ አሙቀው ያባርሩታል፤ የድንጋዩ የራሱ ካርቦን ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ድንጋዩ ራሱ ሲቀልጥ ነው።

«እሳት ውስጥስ ገብቷል?»

«እሳት?» አለ አባቴ፣ እንደተሰደበ ሆኖ። «ይሄ ድንጋይ ከአልጋዬ ሥር እኔ ሳላወጣው ወጥቶ አያውቅም።»

ድንጋዩን መስበርም አላስፈለገንም። ከጎኑ የተሰነጠረች አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ነበረች፤ አባቴ አንድ ቀን ላስቲኩን ሲፈታ ያገኛት። እናቴ ልጠርግ ስል ወድቆብኝ ነው ብላው ነበር። መምህሩ ስባሪዋን ይዞ ለጥናት ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ እዚያ የሚያውቃቸው ለኪዎች ነበሩ።

ወራት ጠበቅን። አባቴ ነጭ ሸሚዝ አስተኮሰና ሰቀለው። እናቴም ደስ ብሏት ነበር፤ «ያ ባለ ወፍጮ የሚገባበት ይጠፋዋል» እያለች በጎረቤት ትፎክራለች። ጎረቤታችን፣ ከወሎ የመጡ ባለ ሱቅ ሴት፣ «ኧረ እሱስ ዛሬም ከሳቀ ጥርሱን በወፍጮው እንፈጭለታለን!» ይሏታል፤ ሁለቱም እስኪያስነጥሳቸው ይስቃሉ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ ሳቅ ነው።

መምህሩ እንደተመለሰ በስልክ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ቤት መጣ። አባቴ ነጩን ሸሚዝ ለበሰ።

«መጀመሪያ የምሥራቹን» አለ መምህሩ። «ድንጋዩ ከሰማይ የመጣ ነው። ይሄ ጥርጥር የለውም።»

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ፣ ምን እንደሚያደርግ ጠፋውና ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እልል ልትል አፏን ስትይዝ አየሁ።

«ሁለተኛው ግን» አለ መምህሩ፣ «ካርቦኑ በቅርብ ከወደቀ ድንጋይ ውስጥ ከሚገኘው እኩሌታም አይሞላም። ይሄን እንዳለ ብንወስደው የወደቀው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው።»

«ከእኔ በፊት?»

«አባቴ፣ ከሁላችንም በፊት።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከመምህሩ ይልቅ እኔን ነበር የሚጠይቀው፤ እኔ ነበርኩ ያመጣሁበት። ቁጥሩ ገብቶኛል።

መምህሩ ግን አልጨረሰም። «አልተዋጠልኝም» አለ። ያን ያህል ዘመን አፈር ላይ የኖረ ድንጋይ ብረቱ ይዝጋል፤ የዚህ ግን ውስጡ እንዳብረቀረቀ ነው። ደግሞ ከስባሪዋ ጠርዝና ከመሃሏ ለየብቻ ለክተው ነበር፤ ሁለቱ አይገጥሙም፤ ከጠርዙ የበለጠ ጎድሏል። «ደጋግሞ ትልቅ እሳት የገባ ነው የሚመስለው። እሳት እንዳልነካው እርግጠኛ ናችሁ?»

«ነግሬሃለሁ እኮ ልጄ» አለ አባቴ።

«እሳት ምን ያደርገዋል?» አለች እናቴ ከበሩ።

መምህሩ በአክብሮት ወደ እሷ ዞሮ አስረዳት። ደጋግሞ በኃይል የጋለ ድንጋይ፣ ባይቀልጥም እንኳን፣ በውስጡ የያዘው ካርቦን ቀስ በቀስ ጋዝ ሆኖ ያመልጠዋል። ያመለጠው በዘመን ብዛት ካለቀው አይለይም። ስለዚህ ትናንት የወደቀውም ቢሆን ከጥንት የነበረ ይመስላል።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። የያዘችውን ትሪ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ኋላ ፋብሪካ ገብቶ በፈረቃ ይሠራ ነበር። የቀን ፈረቃ በሚገባበት ሳምንት እናቴ እኛን ልጆቹን ከቤት ታስወጣና ሴቶቹ ይመጣሉ። ወልዳ ወገቧ አልቆም ያላት፣ ብርድ የገባት፣ ወሯ ሳይሞላ ፅንስ የወረደባት። እናቴ ድንጋዩን ከሳጥኑ ጀርባ ታወጣና ከሰል ውስጥ ትቀብረዋለች፤ እፍ እያለች፣ እያራገበች፣ እንደ ብርቱካን እስኪቀላ። ከዚያ ቅጠል ባለበት ውሃ ላይ ትጥለዋለች፤ ሴትየዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ በእንፋሎቱ ትታጠናለች። የሜዳ ድንጋይ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲግል ይፈነዳል፤ ይሄኛው አይፈነዳም፣ ሙቀቱንም ቶሎ አይለቅም። ያም ቢሆን በመጨረሻ ከጎኑ ስባሪ ተፈናጠረ። ወድቆብኝ ነው ያለችው ያን ጊዜ ነው። ሲበርድ ወልውላ፣ በላስቲኩ ጠቅልላ፣ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አባቴ ሲገባ ቤቱ ባህር ዛፍ ይሸታል፤ «ጉንፋን ይዞኝ ታጥኜ ነው» ትለዋለች።

«ስንት ጊዜ?» አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ሌላ መጠየቅ አላውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ወሊድ ይቆጠራል እንዴ? እናንተን ስወልድ ጀምሬ ነው። ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ።»

«ለምን በዚህ ድንጋይ?» አለ አባቴ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

«ከሰማይ የወረደ ነው ብለሃል እኮ። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ እያለ በሜዳ ድንጋይ ልታጠናቸው?»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። አባቴ «ማን ማን መጣ?» አላት።

የልብስ ሰፊው ሚስት፣ አለች። ባለ ሱቋ፣ ያኔ መንታ የወለደች ጊዜ። ከአርሲ የመጣችው የጋሪ ነጂው እናት፣ ሦስት ሴት ልጆቿን ይዛ። እየቆጠረች ሄደች።

«የባለ ወፍጮውስ ሚስት?»

«እሷማ ቀድማ። እሷ ናት ሌሎቹን ያመጣች።»

«ባሏ በሳቀብኝ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊትም በኋላም» አለች እናቴ፣ አለቀሰችም።

ይህንን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሲስቁ ሚስቶቻቸው ያምኑት ነበር። አምነው ወገባቸውን ሰጥተዋል። ባያምኑት ኖሮ ድንጋዩን አይነኩትም፤ ባይነኩት ኖሮ ካርቦኑ ሙሉውን በውስጡ ይቀመጥ ነበር። የአባቴን ቃል የበላው የሳቁበት ሰዎች ሳቅ አይደለም ማለት ነው፤ ያመኑት ሰዎች ከሰል ነው። እናቴን ማን ይወቅሳታል? ድንጋይ ሰዓት ይዞ እንደሚዞር የነገራት የለም። እኔ እንኳን ያወቅኩት ፀጉሬ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው። በልጅነቴ ትምህርቴን ባላቋርጥ ኖሮ፣ ከሰሉ ሳይበዛበት ብደርስ ኖሮ፣ እያልኩ አንዳንዴ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ የትም አያደርሰኝም።

«ታዲያ ወረቀቱ ምን ይላል?» አለ አባቴ። «ዋሽቷል ይላል?»

«አይልም» አለ መምህሩ። «እውነት ነውም አይልም። በዚህ ድንጋይ ላይ ካርቦን ሊናገር የሚችለው ነገር የለም።»

«ሌላ መንገድስ?»

ነበረ። እሳት የማያባርራቸው፣ ዕድሜያቸውም አጭር የሆነ ሌሎች ነገሮች በድንጋዩ ውስጥ አሉ፤ የስልሳና የሰባ ዓመትን ነገር ሊናገሩ ይችሉ ይሆናል። ግን ለዚያ ስባሪ አይበቃም። ድንጋዩ በሙሉ ሄዶ፣ ከመሬት በታች በተሠራ ክፍል ውስጥ መለኪያ ላይ ለወራት ተቀምጦ ነው፤ ያም ቢሆን መምህሩ ተስፋ ሊሰጥ እንጂ ቃል ሊገባ አልቻለም።

«ውሰደው» አለ አባቴ ወዲያው። ለመጠቅለያም አዲስ ላስቲክ አስመጣ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ደወለልኝ። «ይቅር በይው» አለኝ።

«ለምን አባዬ? ሊገኝ ይችላል እኮ።»

«ሊገኝ ይችላል። እናትሽ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ድንጋዩ በሄደ ቁጥር፣ ምን አሉ በተባለ ቁጥር ልታለቅስ ነው? እንደገና ጠፍቷል ቢሉስ? እኔ አንድ ጊዜ አፍሬ ለምጄዋለሁ። እሷ በስተርጅና ትለምደው?»

ተከራከርኩት። ትክክለኛውን ነገር ማወቅ ለሁላችንም ይሻላል አልኩት። ከቀኝ ወደ ግራ ሲንጎራደድ የጫማው ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «አንቺ እውነቱን ለማወቅ ትፈልጊያለሽ» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ አውቀዋለሁ። የፈለግኩት እነሱ እንዲያውቁት ነበር። ይቅር።»

ለመምህሩ በቴሌግራም ጻፍኩለት። አዝኖ መለሰልኝ፤ ሐሳብ ከተለወጠ እንድነግረው ጠየቀኝ። አልተለወጠም። ነጩ ሸሚዝ ዳግመኛ ሳይለበስ እስከ ክረምት እንደተሰቀለ ቆየ፤ አባቴ በዚያው ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ።

በኛ ሰፈር ከቀብር በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የሚጽፈው ከቤተሰቡ የተማረው ሰው ነው፤ የሚያነበው የእድሩ ሰው ነው። እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ድንኳኑ ውስጥ አልቅሰው የደከሙ ሴቶች መሃል ሆኜ ጻፍኩ። የተወለደበትን፣ የሠራበትን። ከዚያ እዚያ ቦታ ደረስኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በወጣትነታቸው በወለንጪቲ አካባቢ ድንጋይ ከሰማይ ሲወድቅ አይተው አንስተዋል። ድንጋዩ ከሰማይ የመጣ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። የወደቀበት ዘመን ግን ድንጋዩ እሳት ስለነካው ሊታወቅ አልቻለም። ሲወድቅ ስለማየታቸው ከራሳቸው ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ አልተገኘም።»

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ በጆሮዋ አነበብኩላት።

«እሳቱን መጻፍ ግድ ነው?» አለችኝ።

«ግድ ነው እማዬ። ያለዚያ ሙሉ አይሆንም።»

«እሺ» አለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ያነበበው የእድሩ ጸሐፊ የሆነ ወጣት ነው። ዝናቡ ቆሞ ፀሐዩ የሚያቃጥል ሆኖ ነበር፤ ካህናቱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየሩ ነው። «በምርመራ ተረጋግጧል» የሚለውን አነበበና ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። ረዝሞበት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በታች ያለውን ዘሎ ወደ ልጆቹና ወደ ልጅ ልጆቹ ገባ።

መዘለሉን ያወቅነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። ሕዝቡ የሰማው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሲወድቅ አይቷል፣ ድንጋዩም ከሰማይ ነው። አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ባለ ወፍጮው አርጅቶ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከፊት ቆሟል። ከሴቶቹ በኩል አንዷ «እንዲያ ነው!» አለች ጮክ ብላ፤ ማን እንደሆነች አላየሁም። አባቴ የለመነኝ ይኸንኑ ነበር፤ እሱ ተቀምጦ፣ በእነሱ ፊት ተነብቦ። ጆሮው እያለ ይኼን ያህል እንኳን የሚያነብለት አልተገኘም፤ እኔም ሙሉ ማስረጃ ካልሆነ ብዬ የተረጋገጠውን እኩሌታ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከሰማይ መሆኑ ብቻውን ቢነበብለት ይበቃው ነበር ይሆን? መጠየቅ አልቻልኩም።

ተማሪ ሚሊግራም ሲያዛባ የማላልፍ ሴት፣ የተዘለለ ነገር አለ ብዬ እጄን ማውጣት ነበረብኝ። የወረቀቱ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። አልጨበጠችኝም፣ አልከለከለችኝም፤ እጇን ብቻ አሳረፈችበት። ቦርሳዬን ዘጋሁ። ካህናቱ ጀመሩ፤ ወንዶቹ ሳጥኑን አነሱ፣ እኛም ተከተልን።